ደብረ ብርሃን መሃል ከተማ ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ እስኪ እውነቱን ንገሩኝ

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ይዤ ጠባሴ ሰፈር ካለው ግቢ ቤታችን ወደ መሃል ከተማ ልገባ እያሰብኩ ነው። የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ዳር ከተሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አየሁ። "ቅንጡ አፓርታማ" የሚል ትልቅ ባነር ተሰቅሎበታል። እውነትም ልብ ይሰርቃል። ወለሉ ያበራል። ማድ ቤቱ ካቢኔ ተገጥሞለታል። የሳሎኑ መስኮት ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ሊፍት አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ሙቅ ውሃ አለ፣ ጥበቃው 24 ሰዓት ነው ተባልኩ። ባለቤቱ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋል።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ግቢ ውስጥ ነው። ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ ታወራለች። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ሥራዬ ደግሞ መሃል ከተማ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ላያት እንድችል ነው መግባት የፈለግኩት። ውስጡ የኖራችሁ ሰዎች፣ ፎቶ ላይ የማይታየውን ንገሩኝ።

ሦስት ክረምት፦
እኔ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከብርዱ ልጀምር። ከተማችን 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል ብዬ ለጠባሴ ልጅ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ግን የፎቅ ብርድ ሌላ ነው። የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይሰጥሻል። ስስ ብሎኬትና ሰፊ መስታወት ይህን አያውቁም። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ያ ልብ የሰረቀሽ መስኮት ሌሊት አጠገቡ ሲቀመጡ ትከሻ ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ የገባን ክረምት የልጆቹ መኝታ ቤት መሽተት ጀመረ። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ሳላቅቀው ከኋላው ከጉልበቴ እስከ ደረቴ ጠቁሯል። ሻጋታ ነው። የልጄ የትምህርት ቤት ሹራብ እጅጌው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቷል። ቧንቧ የሚያፈስ መስሎኝ ሁለት ባለሙያ ጠራሁ። የሚያፈስ ነገር የለም። የራሳችን ትንፋሽና የወጡ እንፋሎት ነው። ሞቃት እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ግድግዳው ያልበዋል ማለት ነው።

አሁን ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይርቃል። ወጥ ሲሠራ የማድ ቤቱን በር ዘግቼ መስኮቱን እከፍታለሁ። እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አላሰጣም። በጣም ቀንሷል። ለእናትሽ የምመክረው ግን አንድ ነገር ነው። ቤቱን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሄደሽ እዪው። ፀሐይ የሚገባው የትኛው ክፍል ነው? ምንም የማይገባው ክፍል ካለ እሳቸው እዚያ እንዳይተኙ።

ጥሩውንም ልንገርሽ። ሌሊት ውርጭ ላይ ወጥቼ ሽንት ቤት አልሄድም። ሕፃን ያሳደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልጆቼ በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ። በሬን ቆልፌ ስወጣ ልቤ አይንጠለጠልም። ነፋሱ ወደ እኛ ሲነፍስ የሥላሴ ቅዳሴ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይሰማኛል። ከመንገዱ በኩል ያሉት ግን የሚሰሙት ሌሊቱን ሙሉ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ነው። ከኋላ በኩል ያለውን ያዢ።

ባለ ፕላየሩ፦
የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ከተማ ብዙ ፎቅ ላይ ሠርቻለሁ። "ጄኔሬተር አለ" ሲሉሽ "ምኑን ነው የሚያስነሳው?" በያቸው። ባየኋቸው ሕንፃዎች አብዛኛውን ጊዜ የደረጃውን መብራት፣ ሊፍቱንና የውሃ ፓምፑን ብቻ ነው። ቤትሽ ውስጥ ጨለማ ነው። ይህ ስስት እንዳይመስልሽ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አሥር ቤት አንድ ላይ ቢጋግር 35 ኪሎ ዋት ሆነ። ሻወር ማሞቂያው አልተቆጠረም። ያን ሁሉ የሚሸከም ጄኔሬተር የሚጠጣውን ናፍጣ ማንም አይችለውም።

ሁለተኛ፣ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ሊፍትና ትልቅ ፓምፕ የሚሠሩት በሦስት ፌዝ፣ ማለት በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው አንዱ ፌዝ ብቻ ነው። ያኔ ቤትሽ በሌላው ፌዝ ላይ ከሆነ መብራት ይኖራል፣ ሊፍቱ ግን አይንቀሳቀስም፣ ውሃም ወደ ላይ አይወጣም። ጄኔሬተሩ የሚያየው አንዱን ፌዝ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ከተገጠመና ያ ፌዝ ካልጠፋ ደግሞ "መብራት አለ" ብሎ አይነሳም። ሦስቱንም እንዲያይ ተደርጎ መገጠም አለበት። ውድ ሥራ አይደለም። ስንት ሕንፃ ላይ ግን ሳይደረግ አገኘሁት።

የጠባሴ ልጅ፦
ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አመሰግናለሁ ወንድሜ። ጠይቄ እመጣለሁ።

ጀሪካን፦
ስለ ውሃ እኔ ልጨምር። የኛ ሕንፃ ጣሪያው ላይ 10,000 ሊትር ሮቶ አለ። ሲሰማ ብዙ ነው። 24 አባወራ ሲካፈለው ለአንድ ቤት 416 ሊትር ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት ቆጥቦ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን። የከተማው ውሃ በፈረቃ ሲሆን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምድር ቤት ሌላ ትልቅ ታንከር አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ስድስተኛ ፎቅ በደረጃ አውጥቼዋለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እጅ ይላላል።

ለቅቄ የወጣሁ፦
ይህን የምጽፈው አንድ ሰው እንኳ ቢያነበው ብዬ ነው።

ባለቤቴ አራስ ነበረች። ወሩ ታኅሣሥ ነው። አክስቴ ከመንዝ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይዛ ልታርሳት መጥታለች። ማታ ቡና ተፈላ። አክስቴ ሕፃኑ እንዳይበርደው ብላ የከሰሉን ምድጃ ከቡናው በኋላ ወደ መኝታ ቤት አስገባችው። ከሰሉ ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው። ምንም አይሸትም። መስኮቱን እኔ ራሴ ነበርኩ ከሳምንት በፊት ነፋስ እንዳይገባ ዳር ዳሩን በሲሊኮን ያሸግኩት። በሩን ገጥመን ተኛን።

ሌሊት ሕፃኑ አለቀሰ። ልነሳ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ራሴን በመዶሻ የሚመቱኝ ይመስለኛል። ባለቤቴን ጠራኋት፣ አልመለሰችም። እየዳህኩ በሩ ጋ ደረስኩ። እጀታውን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ኮሪደር ላይ ወደቅኩና ጮህኩ። ጥበቃው አራት ፎቅ ሮጦ ወጣ። መስኮቱን በወንበር ሰበረው። አክስቴ ሆስፒታል ገብታ ነው የነቃችው። ሁላችንም ተርፈናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አክስቴን አንድም ሰው እንዳይወቅሳት። ዕድሜዋን ሙሉ ቤቷ ውስጥ እሳት አንድዳ ተኝታለች። እሷን ያኖራት በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ነፋስ እየገባ መርዙን ያወጣው ነበር። ፎቅ ቤት ያ ክፍተት የለም። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ እንቅልፍ ነው የሚመስለው። እናትሽ ከሰል የለመዱ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ለመኝታ ላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ እግራቸው ሥር አድርጊላቸው። ከዚያ በላይ ባና እና ጋቢ ነው።

ሦስት ክረምት፦
አንብቤ ተነስቼ የቤቴን ምድጃ በረንዳ ላይ አወጣሁት። እኛም እናስገባ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ባለ ፕላየሩ፦
እኔም ለምሠራባቸው ቤቶች ሁሉ እናገራለሁ። ይህ ጽሑፍ ከላይ ተሰክቶ ቢቆይ ደስ ይለኛል።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
እኛ ሕንፃ ላይ ሁለት ዓመት የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። እህቴ፣ ሴራሚኩን ተይውና ይህን ጠይቂ፦ ሊፍቱ ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? ከየት በሚመጣ ገንዘብ?

ሕንፃ ሠሪው ሸጦ ሲወጣ ሊፍቱ፣ ፓምፑ፣ ጣሪያው፣ ደረጃው የሁሉም ይሆናል። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ሰው ካልያዘው የማንም ነው። እኛ መጀመሪያ ዓመት አልተደራጀንም። ሊፍቱ ሰባት ወር ቆመ። ምድር ላይ ሱቅ ያላቸው "እኛ ሊፍት አንጠቀምም፣ ለምን እንከፍላለን?" አሉ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው "በእግሬ እወጣለሁ" አለ። ውጭ አገር ያሉ ባለቤቶች ስልክ አያነሱም። ተከራዩ "ባለቤቱን ጠይቁ" ይላል። ሸክሙ ሰባተኛና ስምንተኛ ፎቅ ላይ ባሉ ስድስት ቤቶች ላይ ወደቀ።

ስለ ጋራ ሕንፃ ባለቤትነት የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 370/1995። ቤት የገዛ ሰው ከቤቱ ጋር የጋራ መጠቀሚያዎቹን ድርሻም አብሮ ይይዛል። ለጋራ ወጪ የማዋጣት ግዴታም አለበት። ባለቤቶች ማኅበር ያቋቁማሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ይኖራቸዋል። አዋጁን አሳትሜ በየበሩ ዞርኩ። ሰው በአንድ ቀን አልተቀበለም። ቡና እየጠጣን፣ አንድ በአንድ እያወራን፣ አራት ወር ፈጀ። አሁን ወርሃዊ መዋጮ አለ፣ ወጪው በየወሩ ደረጃው ሥር ይለጠፋል። ሊፍቱ ከተበላሸ በሁለት ቀን ባለሙያ ይመጣል። የሚለጠፍ የወጪ ወረቀት ያለበት ሕንፃ ካገኘሽ እዚያ ግቢ። ካላየሽ ሁለት ጊዜ አስቢ።

ውጭ ያለሁት፦
"ስልክ አያነሱም" ከተባልነው አንዱ ነኝ፤ የሌላ ሕንፃ ነው እንጂ። እውነቴን ልናገር። አዋጣ ተብዬ ሦስት ጊዜ ብር ልኬያለሁ። ደረሰኝ አንድም አልተላከልኝም። ከዚያ በኋላ ተውኩት። ቤቱን የገዛሁት ስመለስ እኖርበታለሁ ብዬ ነው። ሊፍቱ እንዲቆም አልፈልግም።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ትክክል ነህ ወንድሜ፣ ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ ገንዘብ የለም። የሦስቱንም ደረሰኝ ጠይቅ። ግን ዝም አትበል። አንተ ዝም ስትል እዚያ ሕንፃ ላይ አንድ አሮጊት ደረጃ እየወጡ ነው። የማኅበሩን የባንክ ሒሳብ ሦስት ሰው በጋራ ፈርሞ የሚያወጣበት ይሁን በል። የኛ እንደዚያ ነው።

ውጭ ያለሁት፦
እሺ። ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ።

የእድርተኛው ልጅ፦
ስለ ሊፍቱ የእኔንም ስሚ። አባቴ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እያለ ሌሊት ታመመ። ትንፋሹ ተቆራረጠ። አምቡላንስ መጣ፣ ቃሬዛ ይዘው ወጡ። ሊፍቱ የዚያን ቀን ይሠራል። ግን ቃሬዛው አልገባም። ስድስት ሰው የሚይዝ ሊፍት ውስጡ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሩብ ያህል ነው። የተኛ ሰው የት ይግባ? ቆሞ መሄድ አይችልም። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። በጋቢው ደረቱን ከወንበሩ ጋር አሰርነው። አራት ጎረቤት፣ ሁለቱን ስማቸውን እንኳ አላውቃቸውም ነበር፣ ወንበሩን ተሸክመው በደረጃ አወረዱት። በየፎቁ መታጠፊያ ላይ አባቴ "ልጆቼ ደከማችሁ" ይላቸው ነበር። በዚያ ትንፋሹ።

ከ11 ቀን በኋላ አረፈ። ሌላው ጥያቄ ያኔ መጣ። ድንኳኑ የት ይተከል? ለቀስተኛ የት ይቀመጥ? የኛ ጎረቤቶች መኪናቸውን ከግቢው አውጥተው መንገድ ዳር አሳደሩ። ሦስት ቀን። እድሩ ድንኳኑን ፓርኪንጉ ላይ ተከለ፣ ወጡ ምድር ቤት ተሠራ። ማንም ቅር አላለውም። ያየሁት ሌላ ሕንፃ ላይ ግን "የግቢው ውበት ይበላሻል" ተብሎ ለቅሶው የዘመድ ቤት ሄዶ ተቀመጠ። ሰው የወለደበት፣ የኖረበት ቤት እያለ። ይህ በጣም ያመኛል።

ስለዚህ የሊፍቱን በር ከፍተሽ በሜትር ለኪው። ለቅሶ ሲደርስ ምን እንደሚደረግም ጠይቂ። አያሳፍርም።

የእትዬ የልጅ ልጅ፦
አያቴ እያለችኝ የምጽፈው ነው። 68 ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ትኖራለች።

"ልጄ፣ መጀመሪያ ስገባ ልጆቼ ሥራ ሲሄዱ በሩ ተዘግቶ እውላለሁ። ሰው ሲያልፍ የእግሩ ኮቴ ይሰማኛል፣ ፊቱን ግን አላይም። እሥር ቤት መሰለኝ። ሁለት ወር አለቀስኩ። አንድ ቀን በሬን ከፍቼ ኮሪደሩ ላይ ረከቦቱን ዘረጋሁ። ፈንዲሻ አፈነዳሁ። የቡናው ሽታ ሲወጣ አንዷ በር ከፈተች። ከዚያ ሌላዋ። ለካ ፊት ለፊቴ ያለችው የአንኮበር ልጅ ናት፣ እናቷን አውቃታለሁ። አሁን ረቡዕ ረቡዕ እየተጠራራን እንጠጣለን። እናትሽን በሩን ክፍት እንዲያደርጉ ንገሪያቸው። ጉልበቴን ግን ደረጃው ጨርሶታል። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አትውጡ።"

የጠባሴ ልጅ፦
እትዬን እጃቸውን ሳሚልኝ። አነበብኩላት፣ እናቴ ዝም ብላ ሰማችና "የአንኮበሯ የማን ልጅ ናት?" አለች።

ውል አንባቢ፦
በጎን አንድ ነገር። የስድስት ወር ቅድሚያ ብለሻል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብም አለበት። አዋጁ በከተማችን ሥራ ላይ መዋሉንና ምዝገባው በየትኛው ቢሮ እንደሚካሄድ ቀበሌሽ ጠይቂ። ባለቤቱን በጥሩ ቃል አናግሪው። ብዙ አከራይ ሕጉን ሲሰማ ይለሳለሳል።

የጠባሴ ልጅ፦
ሁለት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ያላችሁኝን ሁሉ በደብተር ጽፌ ነው የዞርኩት።

ስድስተኛ ፎቁን ጠዋት 2 ሰዓት አየሁት። ፀሐይ የሚገባው ሳሎን ብቻ ነው፣ ሁለቱም መኝታ ቤቶች ጥላ ናቸው። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በስልኬ መብራት አየሁ። ጠቁሮ በላዩ ቀለም ተቀብቶበታል። ሊፍቱን በሜትር ለካሁት፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሠላሳ። ስለ መዋጮ ስጠይቅ አከራዩ "እሱ አያሳስብሽ" አለኝ። እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። ተውኩት።

ከዚያ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ሌላ ሕንፃ አገኘሁ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ወለሉ እንደዚያኛው አያበራም። ግን መኝታ ቤቱ በምሥራቅ በኩል ነው፣ በረንዳም አለው። ደረጃው ሥር የወጪ ወረቀት ተለጥፏል፤ ናፍጣ፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ የፓምፕ ጥገና፣ እስከ ሳንቲሙ። ጥበቃውን "ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የት ይተከላል?" አልኩት። በጣቱ አሳየኝ። "እዚያ ጋ፤ ባለፈው ሰኔም ተክለናል" አለኝ። ባለቤቷ በሁለት ወር ቅድሚያና በሁለት ዓመት ውል ተስማማች።

እናቴን ትናንት ወሰድኳት። ደረጃው ላይ አንድ ጊዜ አረፈች። ገብታ ምንም ሳትናገር የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በመዳፏ ነካችው። ሞቅ ብሏል። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጣችና "ምድጃዬ እዚህ ትሁን" አለች። እኔ ገና አልነገርኳትም ነበር። ለካ የዚያን ወንድማችንን ታሪክ ሳነብላት ይዛዋለች።

ከሥላሴ ማግስት ዕቃ እናወጣለን።

ባለ ፕላየሩ፦
እንኳን ደስ ያለሽ። ከመግባታችሁ በፊት መጥቼ ብሬከሩንና የምጣዱን መስመር አይልሻለሁ፣ ክፍያ የለውም። ሰዓቱን ብቻ ንገሪኝ።

የእድርተኛው ልጅ፦
ለዕቃ መሸከም እኔም አለሁ። አንድ ሁለት ልጆች ይዤ እመጣለሁ።

የእትዬ የልጅ ልጅ፦
አያቴ "ረቡዕ ይምጡ፣ ቡናው በ10 ሰዓት ነው" ብላለች። የአንኮበሯም ትኖራለች።